ምዕራፍ ሰባት፦ ባዶ ወንበርና ሐይቅ ዳር

በ1846 ኮኔክቲከት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ከብሪስቶል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የኮምፓውንስ ሐይቅ ዳር ብዙ ሰው ተሰበሰበ። ሳሙኤል ቦትስፎርድ የተባለ ተመራማሪ የኤሌክትሪክ ሙከራ አሳያለሁ ስላለ ያንን ለማየት ነበር። ሙከራው ከሸፈ። የመሬቱ ባለቤት ጋድ ኖርተን ግን ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ያህል ሰው ሥራውን ትቶ ሐይቅ ድረስ እንደሚመጣ አየ። ብዙም ሳይቆይ ዳርቻው ላይ የሽርሽር ጠረጴዛዎች አኖረ፣ የቀዘፋ ጀልባዎች አቀረበ፣ ሐይቁን የሚዞር የእግር መንገድ አወጣ። ያ ቦታ ዛሬም ክፍት ነው። በአሜሪካ ሳያቋርጡ ከሠሩት የመዝናኛ ፓርኮች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው እሱ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሐይቅ ዳር ያለ መጫወቻ ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ እንዴት ይቆያል? በዚያው ልክ ውብ የሆነ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ሌላ ሐይቅስ ሰው በመስኮት ብቻ እያየው የሚያልፈው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ገንዘብ ነው፤ ወይም ማስታወቂያ፤ ወይም «የእኛ ሰው የመዝናናት ልምድ የለውም» የሚል ነው። ሦስቱም አያረኩኝም። የእነዚህን ፓርኮች ታሪክ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው ዋናው ነገር ከውኃው ርቆ፣ መጓጓዣው ውስጥ ይገኛል፤ ባዶ ሆኖ የሚሄደው ወንበር ላይ።

በምዕራፍ ሦስት ቋሚ ወጪንና ተለዋዋጭ ወጪን ለይተን አይተን ነበር። ቋሚ ወጪ ማለት ደንበኛ መጣም ቀረም የሚከፈለው ነው፤ ተለዋዋጭ ወጪ ደግሞ ደንበኛ በጨመረ ቁጥር አብሮ የሚጨምረው። ያ ልዩነት እዚያ ምዕራፍ ላይ ደረቅ የሒሳብ ነገር መስሎ ታይቶ ይሆናል። እዚህ ሐይቅ ሲከፍት እናየዋለን።

ከአማኑኤል የሚነሳው አውቶቡስ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችውን አማኑኤልን እንውሰድ። በገበያ ቀን ጠዋት ወደ ከተማዋ የሚገባ አውቶቡስ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ረዳቱ ሰው መጥራት አያስፈልገውም፣ እንዲያውም «ሞልቷል» እያለ ይመልሳል። ያው አውቶቡስ ተሳፋሪውን አራግፎ ወዲያው ሲመለስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ገበያ ላይ ነውና።

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንበልና እናስላው። አውቶቡሱ 45 ወንበር አለው፣ ታሪፉ በሰው 200 ብር ነው፣ አንድ ጉዞ ለነዳጅ፣ ለሹፌርና ለረዳት፣ ለጎማና ለዕቃ ማርጀት 6,000 ብር ይፈጃል። ሲሄድ ሞልቶ 9,000 ብር አስገባ። ሲመለስ አሥር ሰው ብቻ ስለተገኘ 2,000 ብር አስገባ። ደርሶ መልሱ 11,000 ብር አግኝቶ 12,000 ብር አወጣ ማለት ነው። ጠዋት ሰው እስኪመልስ ሞልቶ የነበረው መኪና ቀኑን በ1,000 ብር ኪሳራ ጨረሰ።

አሁን በመመለሻው ላይ ስድስት ሰው ብቻ ቢጨመር ምን ይሆናል? 1,200 ብር ይገባል። ነዳጁ ያው ነው፣ የሹፌሩ አበል ያው ነው፣ መንገዱ ያው ነው። ኪሳራው ወደ 200 ብር ትርፍ ተለወጠ። ልብ ማለት የሚገባን እነዚህ ስድስት ሰዎች የከፈሉት ገንዘብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ትርፍ መሆኑን ነው፤ እነሱን ለመጫን የተጨመረ ወጪ የለም ማለት ይቻላል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህን የመጨረሻውን ተሳፋሪ የመጫን ወጪ የኅዳግ ወጪ ይሉታል። ለመጓጓዣ ባለቤት ይህ ወጪ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ ከባዶ ወንበር ላይ የሚገኘው ገቢ ግን ሙሉ ታሪፍ ነው።

እንግዲህ የአውቶቡሱ ባለቤት ብልህ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። እነዚያን ስድስት ሰዎች በማይጓዙበት ሰዓት እንዲጓዙ የሚያደርግ ምክንያት መፍጠር እችላለሁ? ለዚያስ ስንት ብር ባወጣ ያዋጣኛል? ጠረጴዛና ጥላ፣ ሙዚቃና ጀልባ ያለበት ቦታ በመንገዱ ጫፍ ላይ ቢያዘጋጅ፣ ከቦታው ራሱ አንዲት ሳንቲም ባያገኝ እንኳ ወንበሩ ከሞላለት አትርፏል። በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርቶ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ የመዝናኛ ፓርኮች ተሠርተዋል።

የእሑድ ባቡር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ከተሞች በኤሌክትሪክ የሚሄድ የጎዳና ባቡር ዘረጉ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም፤ እነዚያ ግን ያነሱ፣ በአብዛኛው ባለ አንድ ፉርጎ ነበሩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋት ይዘው ይሄዳሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። እሑድ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ቤቱ ይውላል። ሐዲዱ ግን ተዘርግቷል፣ ፉርጎው ተገዝቷል፣ የባንክ ዕዳው እሑድን አያርፍም። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው፤ ከኩባንያዎቹ ብዙዎቹ ወይ የራሳቸው ማመንጫ ነበራቸው ወይም ለኃይል አቅራቢው በወር ቁርጥ ያለ ሒሳብ ይከፍሉ ነበር። ባቡሩ ቆመም ሄደም ክፍያው አይቀርም።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሐዲዱን ከከተማ አውጥተው ወደ አንድ ጥሩ ቦታ መሩት፣ በጫፉም ላይ ፓርክ ሠሩ። ውኃ ያለበት ቦታ ተመራጭ ነበር። የበጋው ሙቀት ፋብሪካ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከባድ ነው፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ ነፋሻማ ነው፣ መዋኘትና መቅዘፍ ደግሞ ማሽን አይፈልጉም። ኮምፓውንስ ሐይቅም ራሱ ይህ ዕድል ደርሶታል። በ1895 የኤሌክትሪክ ባቡር ሐይቁ ድረስ ሲገባ፣ ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ የዳንስ አዳራሽ ያለው ትልቅ ቤት በዚያው ዓመት ተከፈተ። ኖርተን ጠረጴዛውን ካኖረ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ቦታው ከሽርሽር ሜዳነት ወደ ፓርክነት የተሻገረው ግን ሐዲዱ ሲደርስ ነው።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሴለም በምትባል ከተማ በሚገኘው የካኖቢ ሐይቅ ፓርክ ነው። ይህን ፓርክ የሠራው የባቡር ኩባንያ ነው፤ የከፈተውም ነሐሴ 23 ቀን 1902 ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእኛም የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ የዛሬዋ ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደርሷል። ከሴለም የሚነሡት ሐዲዶች ወደ ሎረንስ፣ ወደ ሎዌልና ወደ ሄቨርሂል ይሄዱ ነበር። ሎረንስና ሎዌል የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች ናቸው፣ ሄቨርሂል የጫማ። ሦስቱም ስድስት ቀን ሙሉ ማሽን ሥር የሚውል ሰው የሞላባቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት ያ ሰው ቤተሰቡን ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በሳምንት ሥራው በሚሳፈርበት ባቡር ወደ ሐይቁ ይሄዳል። የአበባ ቦታዎች፣ ጀልባዎች፣ የዳንስ አዳራሽ ይጠብቁታል። ኩባንያው የሚያገኘው ገንዘብ ሲሳፈር የሚከፈለው ነው፤ የፓርኩ ሥራ ሰውየው እንዲሳፈር ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ እፈልጋለሁ። ይህ ስሌት የባለ ሀብት ስሌት ቢሆንም ለድሃው ሠራተኛ ያመጣለት ጥቅም እውነተኛ ነው። ከዚያ በፊት ሐይቅ ዳር ማረፍ ሰረገላና ፈረስ ያለው ሰው ነገር ነበር። የባዶው ወንበር ጥያቄ ሸማኔዋንና ጫማ ሰፊውን ሐይቅ ዳር አደረሳቸው፤ ያውም ኪሳቸው በሚችለው ዋጋ። በጎ አድራጊ ሳያስፈልግ፣ የሁለት ወገን ጥቅም ስለተገጣጠመ ብቻ የሆነ መልካም ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው መገጣጠም እምብዛም አይገኝም፣ ሲገኝ ሊጠና ይገባዋል።

ሐዲዱ ሲነቀል

ከዚያ የግል መኪና መጣ። የጎዳና ባቡሮች አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ፤ የካኖቢው መስመር በ1929 ቆመ። ይህን ተከትሎ ትልቁ የምጣኔ ሀብት ድቀት መጣ። በ1919 ገደማ በአሜሪካ ከ1,500 በላይ የመዝናኛ ፓርኮች እንደነበሩ ይገመታል፤ በ1935 የቀሩት ወደ 400 ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ፓርክ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሲዘጋ ድህነት ብቻውን ለምክንያትነት አይበቃም። ፓርኮቹ የተሠሩበት ሒሳብ ራሱ ተሰርዞ ነበር። ፓርኩ የወንበር መሙያ ከሆነና ወንበሩ ከጠፋ፣ ፓርኩ ለማን ይሠራል?

የዳኑት ለዚህ ጥያቄ አዲስ መልስ ያገኙት ናቸው። ካኖቢን በ1932 ፓትሪክ ሆላንድ የሚባል ሰው ገዛው። በ1936 ደግሞ በኮኔክቲከት ሌላ ሐይቅ ዳር በ1930 ተሠርቶ የነበረ የእንጨት ሮለር ኮስተር ተፈታትቶ ወደ ካኖቢ መጣና እንደገና ተገጠመ። ከሚሞተው ፓርክ ወደሚኖረው ፓርክ የተሻገረው ይህ ሮለር ኮስተር ያንኪ ካነንቦል ይባላል።

ሮለር ኮስተር ምን እንደሆነ ላላየ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። በሐዲድ ላይ የሚሄድ ተሳቢ ነው፤ ሞተር ግን በላዩ የለውም። ከታች ያለ ሰንሰለት እየጎተተ ከፍ ወዳለ ጉብታ ያወጣዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ቁልቁለቱም ዳገቱም መታጠፊያውም፣ ከመጀመሪያው ከፍታ የተገኘ ጉልበት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ተከታይ ጉብታ ከመጀመሪያው ማነስ አለበት፤ በመንገዱ ላይ ከነፋስና ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ጉልበቱ እየባከነ ይሄዳልና። ፍጥነት የሚፈልግ ፓርክ መሥራት ያለበት ትልቅ ሞተር ሳይሆን ትልቅ ከፍታ ነው። ይህን በልባችን እንያዝ፤ ቀጥለን ወደምናየው ፓርክ የሚወስደን እሱ ነው።

ሴዳር ፖይንት፦ ጀልባ፣ መንገድ፣ ከፍታ

ኢሪ ከአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አንዱ ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ ሳንደስኪ ከምትባለው ከተማ ፊት ለፊት አንድ ቀጭን መሬት ወደ ሐይቁ ገብቷል። በ1870 ሉዊ ዚስትል የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ፣ ሙያው የእንጨት ሥራ የነበረ ሰው፣ በትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ሰው እያሻገረ በዚያ መሬት ላይ የመታጠቢያ ቤት፣ የቢራ ቦታና የዳንስ ወለል አቀረበ። የመሻገሪያው ዋጋ 25 ሳንቲም ነበር። የገቢው በር ጀልባው ነው ማለት ነው። ከባቡሮቹ ዘመን ሃያ ዓመት ቀድሞ ያው ስሌት በውኃ ላይ ነበር።

በ1892 የመጀመሪያው ሮለር ኮስተር ተተከለ። ከፍታው ወደ ሰባት ሜትር ተኩል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በብስክሌት የሚሄድ ልጅ ይቀድመዋል። ከ1897 ጀምሮ ጆርጅ ቤክሊንግ የሚባል ነጋዴ ቦታውን ተረከበና ከሠላሳ ዓመት በላይ መራው። የዚህ ሰው ሥራ በጣም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ባዶ ወንበር የሚለው ነገር ጀልባ ላይ ብቻ እንደማያበቃ የገባው እሱ ነው። ፓርኩም ራሱ ቋሚ ወጪ ነው። የዳንስ አዳራሹ ማታ ባዶ ከሆነ፣ ምግብ ቤቱ ጠዋት ባዶ ከሆነ፣ ያው አውቶቡስ ነው። ስለዚህ በ1905 ባለ 600 ክፍል ሆቴል በአሸዋው ዳር ከፈተ። ሆቴሉ ማታውንና ጠዋቱን ሞላለት፤ ለአንድ ቀን የመጣው ሰው ሳምንት ሊቆይ ቻለ። በ1909 በስሙ የተጠራ ትልቅ የእንፋሎት መርከብ ከሳንደስኪ ሰው ማመላለስ ጀመረ፤ ያ መርከብ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1914 ደግሞ ለመኪና የሚሆን መንገድ በቀጭኑ መሬት ላይ ተከፈተ። ልብ በሉ፤ የመርከቡ ባለቤት ነው የመኪናውን መንገድ ያስከፈተው። የጀልባ ታሪፉን ሊቀንስበት የሚችል መንገድ ከፈተ፤ ሰው በምንም ይምጣ፣ ከመጣ የሚሞላው ሆቴልና ፓርክ ስለነበረው አልፈራም። የባቡር ኩባንያዎቹ ይህን ማድረግ አልቻሉም፤ እነሱ ገቢ የሚያገኙት ከወንበሩ ብቻ ነበርና።

ቤክሊንግ በ1931 ሞተ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት ለፓርኩ የመከራ ዘመን ነበሩ፤ ጥገና ቀረ፣ መጫወቻዎቹ ፈረሱ፣ ቀለሙ ለቀቀ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጆርጅ ሩስና ኤሚል ለግሮ የሚባሉ ባለሀብቶች ቦታውን የያዙት ፓርኩን አንሥተው መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩበት ነበር። ሕዝቡ ተቃወመ። የግዛቲቱ መንግሥት ቦታውን ልውረስ እስከማለት ደረሰ። ባለሀብቶቹ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በ1957 ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኝ አዲስ መንገድ በውኃው ላይ ተከፈተ፣ ፓርኩም እንደ አዲስ መታደስ ጀመረ።

አሁን ግን ሰው የሚመጣው በራሱ መኪና ነው፤ መኪና ያለው ሰው ደግሞ የትም መሄድ ይችላል። ሳንደስኪ ትንሽ ከተማ ናት፣ ብቻዋን ፓርክ አትሞላም። ሰው ከክሊቭላንድ፣ ከቶሌዶ፣ ከዲትሮይት መነሣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ከፍታ ሆነ። በ1989 ከ200 ጫማ፣ ማለትም ከ60 ሜትር በላይ የሚወጣ ሮለር ኮስተር ተተከለ፤ ሙሉ ዙር ዞረው ወደተነሡበት ከሚመለሱት መካከል በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በ2000 የተተከለው ሚሌኒየም ፎርስ 94 ሜትር ገደማ ይወጣና በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከመጀመሪያው ከ1892ቱ ጋር ቢነጻጸር ከፍታው አሥራ ሁለት እጥፍ አልፏል። እነዚህ ግንባታዎች ሁሉ ውድ ናቸው፤ ፓርኩ ደግሞ ክረምቱን ሐይቁ በረዶ ሆኖ ስለሚዘጋ የዓመቱን ቋሚ ወጪ በጥቂት ወራት ውስጥ መመለስ አለበት። በደህና ዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይመጣለታል። በ25 ሳንቲም ጀልባ የተጀመረው ሥራ እዚህ ደርሷል።

ጣና፣ ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱ

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐይቅ አላጣንም። መጓጓዣና ሐይቅ በአንድ እጅ የገቡበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ከጣና እንጀምር። ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌንና ደቅን እየነካች፣ ጎርጎራ የምትደርስ ጀልባ ለረጅም ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ትሄድ ነበር። የምትጭነው ነጋዴ፣ ተሳላሚ፣ ወደ ዘመዱ የሚሄድ ሰው፣ እህልና ዕቃ ነው። ለደሴቶቹ ነዋሪ ትልቅ አገልግሎት ነበር። ነገር ግን የጀልባዋ ሥራ ማመላለስ ነበር እንጂ ሰውን ወደ ሐይቁ የሚያስመጣ ምክንያት መፍጠር አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራና ወንጪ ሐይቅ የሎጅ ግንባታ ደርሷቸዋል። ግንባታው ያማረ ነው። የዚህ ምዕራፍ አንባቢ ግን ከሕንፃው በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ በተራ ቀን፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ እዚያ ድረስ የሚሄደው ወንበር የማን ነው? ባዶ ቢሄድ የሚያመውስ ማነው?

ባለ ሆቴሉ በቀለ ሞላ ለዚህ ጥያቄ የቀረበ መልስ የነበራቸው ሰው ይመስሉኛል። ሆቴሎቻቸውን የተከሉት በስምጥ ሸለቆው የደቡብ መንገድ ላይ ነው፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ። ሥራቸው አውቶቡስ ባይሆንም መንገዱን እንደ አንድ ነገር አይተውታል። ዝዋይ ላይ ምሳ የበላ ሰው ላንጋኖ ላይ ያድራል፣ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሻሸመኔ ላይ ያርፋል፤ አንዱ ቤት ለሌላው ቤት ሰው ይልካል። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የሌለበት ተብሎ ለዋና በመመረጡ የአዲስ አበባ ሰው ለቅዳሜና እሑድ ወደዚያ መውረድ ልማዱ ሆነ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ሐይቅ የከተማ ሰው መዝናኛ የሆነው እንዲህ ነው።

ቢሾፍቱ ከሁሉም የታደለች ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ እያሉ ሐይቆቿ በእግር የሚያዳርሱት ያህል ተቀራርበዋል፤ የድሮው ባቡር በውስጧ ያልፍ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ደግሞ ጉዞው ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። ዛሬ የኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ ያለው እዚያ ነው፤ ለአገራችን ሐይቅ ዳር መጫወቻ የሚባለው ነገር በጣም የቀረበው እሱ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ እዚያ የሚደርሰው በአብዛኛው መኪና ያለው ወይም ድርጅቱ አውቶቡስ የተከራየለት ሰው ነው። ካኖቢ ለሎረንስ ሸማኔ የሆነውን ያህል ቢሾፍቱ ለአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ አልሆነችም።

የበዓል ቀንንም ከዚህ ጋር እንዳናምታታ። የኢሬቻ ዕለት ሆራ አርሰዲ ላይ፣ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ወንበር የሚባል አይገኝም። የገበያ ቀኑ ጠዋት ማለት እሱ ነው፤ መኪናው ያለማንም እርዳታ ይሞላል። ቋሚ ወጪን የሚከፍለው ግን ያ ቀን ብቻውን አይደለም። የቀሩት ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀናት አሉ።

በመስኮት የሚታየው ዘንገና

ከአማኑኤል ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ፣ ከዚያ ኮሶበር (እንጅባራ)። ጥሊሊና ኮሶበር መካከል፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ አለ፤ ዘንገና ነው። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ጥልቅ ውኃ ነው። ኮምፓውንስ በውበት የሚበልጠው አይመስለኝም፤ በመንገድ ቅርበትም አይበልጠውም። አውራ ጎዳናው በደጁ ያልፋል፣ አውቶቡሱ በየቀኑ ሞልቶ ያልፋል።

ግን አይቆምም። የአዲስ አበባ ባሕር ዳር አውቶቡስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ ቀን ሊጨርስ ገና ሳይነጋ የተነሣ ነው፤ ለእሱ ዘንገና ላይ አንድ ሰዓት መቆም ኪሳራ ነው። ወንበሩ ሞልቷል፣ ሐይቁ የሚጨምርለት ነገር የለም። ብዙ ጊዜ «መንገድ ዳር ስለሆነ ያድጋል» የሚባለው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መንገድ ዳር መሆን ሰው እንዲያልፍ ያደርጋል እንጂ እንዲወርድ አያደርግም። ሐይቁ ጎብኚ የሚያገኘው ወንበሩን ሊሞላለት የሚፈልግ መኪና ሲኖር ነው።

እንዲህ ያለው መኪና ደግሞ አለ። እንጅባራ፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሠራተኛና ተማሪ የሚያመላልሱ የሰርቪስ አውቶቡሶች አሉ፤ እሑድ ግቢ ውስጥ ቆመው ይውላሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሠርቶ እሑድ ባዶ የሚሆነው የሎረንስ ባቡር ከእነሱ ጋር በደንብ ይመሳሰላል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ መንገድ በተዘጋበት ቀን የትኛውም ስሌት አይሠራምና ሰላሙ ይቅደም። መንገዱ ክፍት በሆነበት እሑድ ግን ለሙከራ የሚያስፈልገው ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና ተመጣጣኝ ታሪፍ ነው።

የሚሠራውም ነገር የሴዳር ፖይንትን ያህል መሆን የለበትም፤ ሊሆንም አይገባም። ዘንገና ትንሽ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ የሚወጣው ወንዝ ስለሌለ የጣሉበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ ደኑ ከተቆረጠ አፈሩ ወደ ውኃው ይወርዳል። ጋድ ኖርተን የጀመረው በጠረጴዛ፣ በእግር መንገድና በቀዘፋ ጀልባ ነው፤ ለዘንገናም ይህ፣ መጸዳጃና የቆሻሻ ማንሻ ከተጨመረበት፣ ለብዙ ዓመት ይበቃዋል። ማሩን፣ ቡናውን፣ የአካባቢውን ድንች ይዘው የሚቀርቡት የዘንገና ዙሪያ ሰዎች ናቸው፤ ገቢው መጀመሪያ ለእነሱ ይድረስ።

ፍርዴ ይህ ነው፤ ዘንገና መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሆቴል አይደለም። እሑድ ጠዋት ከእንጅባራና ከባሕር ዳር ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ ታሪፉ የሚታወቅ፣ ሰው ሞላም አልሞላም በሰዓቱ የሚነሣ አንድ አውቶቡስ ነው።